ተምርና ቃሪያ በበሬ ቤከን፣ ለ60 እንግዳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች፤ ጁን አጋማሽ ላይ ቅዳሜ ቀን ቤታችን ድግስ አለ፤ 60 ሰው ጠርተናል። ዶሮ ወጡንም፣ ክትፎውንም፣ አልጫውንም እናውቅበታለን። ልጄ ግን ከምግቡ በፊት የሚቀመስ በቤከን የተጠቀለለ ተምር ይኑር ትላለች፤ ጓደኞቿ ቤት በልታው ወዳዋለች። አሳማ ቤታችን አይገባም። ስለዚህ በተርኪ ቤከን 30 ፍሬ ሠርቼ ሞከርኩት። ግማሹ ተፈታ፣ ተምሩ ከሥሩ አረረ፣ ቤከኑ ጫፉ ደርቆ መሃሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ቀረ። ቃሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል ብለውኛል። ያለኝ አንድ ኦቨን ነው። የቱን ቤከን ልግዛ? ስንት ፍሬ ይበቃል? ዓርብ ሠርቼ ባሳድረውስ? — የተመራቂዋ እናት

መልስ፦ ውድ የተመራቂዋ እናት፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ለዚህ ቀን እንኳን አደረሳችሁ።

ከሙከራዎ እንጀምር። የተፈታውና የረጠበው የእጅዎ ጥፋት አይደለም፤ የቤከኑ ጠባይ ነው። አብዛኛው ተርኪ ቤከን ከአንድ ወጥ ሥጋ የተቆረጠ አይደለም። ሥጋው ተከትፎና ተቀምሞ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በስሱ የሚቆረጥ ነው፤ ስቡም በጣም ትንሽ ነው። መጠቅለያው ደግሞ የሚይዘው በስቡ ነው። ስብ ያለው ቁራጭ ሲግል ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ውስጡ ያለውን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ የቀለጠው ስብ ደግሞ ውጩን ይጠብሰዋል። ስብ ከሌለ የሚኮማተርም የሚጠበስም ነገር የለም። ጫፉ ይደርቃል፣ ተደርቦ የተጠቀለለው ቦታ በእንፋሎት ይለሰልሳል፣ ስቴኪኒ ካልያዘው ይፈታል። ተምሩ ያረረው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ትሪው ላይ በቀጥታ ተቀምጦ ይሆናል። የተምር ስኳር የጋለ ብረት ከነካ ቤከኑ ሳይበስል ይከስላል።

ስለዚህ የበሬ ቤከን ይግዙ። ከበሬው ሆድ በኩል ካለው ስብ ያለው ሥጋ ተቆርጦ፣ በጨው ተይዞና በጭስ ታጥኖ የሚዘጋጅ ነው። በሐላል ሥጋ ቤቶችና በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ስለሚቀመጥ ከተራው ቤከን ጎን ካጡት እዚያ ይፈልጉ። ማሸጊያው ላይ “ቤከን” ብቻ ከተባለ አሳማ ነው ማለት ነው፤ የበሬ መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። ስስ ሆኖ የተቆረጠውን ይምረጡ። ወፍራሙ ለቁርስ ያምራል፤ ለመጠቅለል ግን አይታዘዝም፤ እሱ እስኪበስል ተምሩ ይቀልጣል፣ ቃሪያው ውስጥ የሚሞላው አይብም ይፈሳል።

የበሬ ስብ አንድ ጠባይ አለውና ዝግጅትዎን በሙሉ በእሱ ልክ ማድረግ አለብዎት። ከአሳማ ስብ ቀድሞ ይረጋል። የቀዘቀዘ የሥጋ ወጥ ላይ ነጭ ሆኖ የሚጋገረውን ሞራ ያውቁታል፤ እሱው ነው። በበሬ ቤከን የተጠቀለለ ተምር ከኦቨን በወጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሲበላ ግሩም ነው። ግማሽ ሰዓት ከቆየ ግን ላንቃ ላይ ይለጥፋል፣ እንግዳውም አንዱን ቀምሶ ሁለተኛውን ይተወዋል። እንግዳ ሳይመጣ 240 ፍሬ ጋግሮ ጠረጴዛ ላይ መደርደር የማያዋጣው ለዚህ ነው። መጠቅለሉን ዓርብ ማታ ይጨርሱ፤ መጋገሩን ግን እንግዶች ከገቡ በኋላ በሦስት ዙር ያድርጉት። አንድ ኦቨን ለዚህ በቂ ነው።

የተርኪውን ካልተዉት ግን እንዲህ ያድርጉ። እያንዳንዱን ቁራጭ በሁለቱም በኩል ዘይት ቀባ ያድርጉ፤ ለአንድ ጥቅል ቤከን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። መደራረቡን ከ1 ሳንቲሜትር አያሳልፉ፣ ስቴኪኒ ሳይወጉ አንድም አይተዉ፣ በ375 ፋራናይት (190 ሴልሺየስ) ይጋግሩ። ጥሬ ተርኪ ከሆነ ውስጡ 165 ፋራናይት (74 ሴልሺየስ) መድረስ አለበት፤ በስሎ የታሸገም ስላለ ማሸጊያውን ያንብቡ። የተርኪው ጥሩ ጎን ሲቀዘቅዝ ሞራ አለመጋገሩ ነው፤ ስለዚህ አዳራሽ ይዞ ለመሄድ ከበሬው ይሻላል።

ወደ ብዛቱ እንምጣ። ከኋላ ዶሮ ወጥና ክትፎ የሚጠብቀው እንግዳ ከምግብ በፊት አራት ፍሬ በልቶ ይበቃዋል። ለ60 ሰው 240 ፍሬ ነው። ይህን ለአምስት ዓይነት አይክፈሉት፤ ሁለት ይበቃል፣ 150 ተምርና 90 ግማሽ ቃሪያ። ተምሩ የሚበዛው ልጆች ቃሪያውን ስለማይነኩት ነው።

ተምሩ የትኛው ይሁን? ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ትልቁ መጁል ነው። ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም። አንዱ ፍሬ ሁለት ጉርሻ ይሆናል፣ ጣፋጭነቱ ከምግብ በፊት ይከብዳል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ደግሌት ኑር የሚባለው ቀጭኑና ቡናማው ተምር አንድ ጉርሻ ነው፤ ፍሬው ወጥቶለት ይሸጣል፤ በአንድ ፓውንድ ውስጥም 55 ያህል ይገኛል። ለ150 ፍሬ 3 ፓውንድ ይግዙ። “ፍሬው የወጣለት” ቢባልም እያንዳንዱን በጣት ጨመቅ አድርገው ይፈትሹ፤ ከመቶ አንዱ ውስጥ ፍሬ ቢቀር የአንድ አዛውንት ጥርስ ይሰበራል። ውስጡ አንድ የተቆላ አልሞንድ ይጨምሩ። ለስላሳው ተምርና የሚንኮሻኮሸው አልሞንድ ሲገናኙ ነው የሚጣፍጠው፤ አልሞንድ የሌለበት ሲበሉት ልፍስፍስ ይላል። ግማሽ ፓውንድ አልሞንድ ከበቂ በላይ ነው። ጨው ያልነካው ይሁን።

ለደግሌት ኑር አንዱ የቤከን ቁራጭ ሦስት ቦታ ይቆረጣል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ቁራጭ ሦስት ሲከፈል ከ7 እስከ 8 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ተምሩን አንድ ጊዜ ዞሮ 2 ሳንቲሜትር ያህል ይደራረባል። ልኩ ይህ ነው። ከዚያ ከበለጠ ከታች ያለው ድርብ ጥሬ ይቀራል፤ ካነሰ ሲኮማተር አፉን ይከፍታል። ለቃሪያው ግን አንዱን ቁራጭ ለሁለት ይክፈሉ። ለተምሩ 50፣ ለቃሪያው 45፣ በድምሩ 95 ቁራጭ ነው። በስሱ የተቆረጠ ቤከን በፓውንድ 16 ያህል ቁራጭ ስላለው 6 ፓውንድ ይሆናል፤ የሚቀደድም ስለሚኖር 7 ይግዙ። ሁሉንም ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥቅል ብቻ ገዝተው፣ ቤት ከፍተው ይቁጠሩ፤ የበሬ ቤከን ውፍረቱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

ቤከኑን ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ይቁረጡት፤ ሲቀዘቅዝ በቢላ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ሲሞቅ ይጎተታል። ከመጠቅለልዎ በፊት ቁራጩን በሁለት እጅ ይዘው ሳብ ያድርጉት፤ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይለጠጣል፣ ተምሩንም ይበልጥ ይጣበቃል። የተደራረበውን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ክብደቱ ራሱ ያጣብቀዋል። ስቴኪኒውን በተደራረበው ቦታ በኩል አስገብተው በወዲያኛው ጎን ያውጡ። ተራው እንጨት ይሁን፤ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ጌጥ ያለው ኦቨን ውስጥ ይቀልጣል። ለግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ቢነከር ጫፉ አይከስልም።

ጨው ምንም ቦታ አይጨምሩ። ቤከኑ ለሁሉም የሚበቃ ጨው አለው። ተምሩ ላይ ማር የሚቀቡም አሉ፤ እኛ አንወደውም፤ ተምሩ ራሱ ማር ነው። የሚያስፈልገው የሚያቃጥልና የሚኮመጥጥ ነገር ነው። 2 የሻይ ማንኪያ በርበሬ በ3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አሹት፤ ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው በብሩሽ ቀባ ያድርጉት። ቀደም ብለው ከቀቡት በርበሬው ይከስላል፣ ይመርራል፤ ቤቱንም በሳል ይሞላዋል።

ቃሪያው። ስንግ ያሰናዳ እጅ ይህን አያጣውም፤ ልዩነቱ የእኛ ረጅሙ ቃሪያ ስስ በመሆኑ ኦቨን ውስጥ ቤከኑ እስኪበስል መሟሸሹ ነው። ሥጋው ወፍራም የሆነውን ሃላፒኞ ይጠቀሙ። 45 ፍሬ፣ ማለትም ከ2 እስከ 2 ተኩል ፓውንድ፤ ቀጥ ያሉና እኩል የሚሆኑትን ይምረጡ። ጓንት አድርገው በቁመቱ ለሁለት ይክፈሉና ነጩን ጅማት በሻይ ማንኪያ ጫፍ ጠርገው ያውጡት። የሚያቃጥለው በአብዛኛው ያ ጅማት ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው እሱን ስለነካ ነው። ለልጅዎ የአሜሪካ ጓደኞች ሁሉንም ይጥረጉ፤ ለእኛ ሰው ከሦስተኛው ዙር ላይ ትንሽ ቢያስቀሩ አይከፋም፤ ግን ትሪው ይለይ።

ውስጡ የሚገባው ምንድን ነው? አይብ ብቻ አይሆንም። አይብ በእሳት ላይ አይቀልጥም፤ ውኃውን አውጥቶ ፍርፍር ሆኖ ይቀራል፤ ውኃው ደግሞ ቤከኑን ከሥር ያረጥበዋል። ክሪም ቺዝ ብቻውን ከሆነ ይይዛል፣ ጣዕሙ ግን ከባድ ነው። ሁለቱ እኩል ሲገናኙ ነው የሚያምረው፤ 1 ፓውንድ አይብና 1 ፓውንድ ክሪም ቺዝ፣ ማለትም ባለ 8 አውንሱ ሁለት። አይቡን ሐሙስ ማታ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥረው ወንፊት ላይ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ጨምቀውት ጠብታ የማይወጣው መሆን አለበት። ዓርብ ክሪም ቺዙ ለስለስ ሲል ሁለቱን አዋሕደው 2 የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮሰረት፣ 3 ፍንካች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ይጨምሩ። ለአንድ ግማሽ ቃሪያ 2 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከአፉ እኩል ይሁን። ክምር ካደረጉት ኦቨን ውስጥ አብጦ ይፈሳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጥቅልሉን የሚሠሩት ዓርብ ማታ ነው። ብቻዎን ከሆኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ሦስት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ፣ አንዱ እየሞላ፣ አንዱ እየጠቀለለ፣ አንዱ እየወጋ፣ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ተመራቂዋ ራሷ ብትጠቀልል ደግ ነው። በጥሬው የተጠቀለለው ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ያለ ችግር ያድራል። በአንድ ድርብ ደርድሩት፤ ሁለተኛ ድርብ ካስፈለገ በመካከሉ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ይግባበት። ፍሪጁ ለድግሱ ምግብ ከሞላ ቤከኑን ሳይሆን ለስላሳና ቢራውን አውጥተው በበረዶ ኩለር ውስጥ ያድርጉ። ፍሪጁ ከ40 ፋራናይት (4 ሴልሺየስ) መብለጥ የለበትም፤ በሩ በየደቂቃው ሲከፈት ይህ ይሳናል።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ። ሥራ ይቀልልኛል ብለው ዓርብ ግማሽ አብስለው አያሳድሩት። ግማሽ የበሰለ ሥጋ ውስጥ ጀርሙ አይሞትም፤ ይሞቃል እንጂ፤ ፍሪጅ ውስጥም ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ለመራባት ጊዜ ያገኛል። ወይ ሙሉ በሙሉ ጥሬ ያድራል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ በስሎ ያድራል። ወፍራም ቤከን ብቻ ካገኙ፣ ቅዳሜ ዕለት ቁራጮቹን በ400 ፋራናይት 6 ደቂቃ ሞቅ አድርገው፣ ሳይደርቁ አውጥተው፣ ወዲያው ጠቅልለው መጋገር ይቻላል። ቀድሞ ስለሚያጥር ግን ለሦስት ሳይሆን ለሁለት ይቁረጡት፤ የቤከኑንም ብዛት በዚያው ልክ ይጨምሩ።

ጊዜ ካለዎት ተምሩን ከሁለት ሳምንት በፊት ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይችላሉ። መጀመሪያ ትሪ ላይ ተለያይተው ይድረቁ፣ ከዚያ ከረጢት ይግቡ፤ ዓርብ ወደ ፍሪጅ ወርደው ይቅለጡ። ቤከኑ ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠ ከሆነ ግን ይህን ይተዉት፣ ተመልሶ ፍሪዘር ሲገባ ጣዕሙ ይወርዳል። ቃሪያው ፍሪዘር አይወድም፤ አይቡ ሲቀልጥ አሸዋ ይሆናል።

ወደ ቅዳሜ። ጠርዝ ያላቸው ሁለት የኦቨን ትሪዎች ያስፈልጋሉ፣ 46 በ33 ሳንቲሜትር የሚሆኑት። ጠርዝ የሌለው የኩኪስ ትሪ አይሁን፤ የቀለጠው ስብ ኦቨኑ ወለል ላይ ከፈሰሰ እሳት ነው። ትሪው ላይ ፎይል ያንጥፉ፣ በላዩ የሽቦ ፍርግርግ ያድርጉ፣ ተምሩን ፍርግርጉ ላይ ይደርድሩ። በሙከራዎ የጎደለው ፍርግርጉ ሳይሆን አይቀርም። ስቡ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ትኩስ አየር ከሥር ይዞራል፣ ተምሩ ብረት አይነካም። በአንዱ ትሪ 50 ተምር፣ በሌላው 30 ቃሪያ፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ተጣብቀው ከተደረደሩ በእንፋሎት ይቀቀላሉ እንጂ አይጠበሱም።

ኦቨኑን በ400 ፋራናይት (200 ሴልሺየስ አካባቢ) ሙሉ በሙሉ ያግሉት፤ አየር የሚነፋው ዓይነት ከሆነ በ375 ያድርጉት። ከፍሪጅ የወጣ ትሪ ሲገባ ሙቀቱ ስለሚወርድ ተምሩ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ፣ ቃሪያው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በ12ኛው ደቂቃ የላይኛውን ትሪ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ያዛውሩ፤ ፊቱንም ያዙሩት። የደረሰው የሚታወቀው በሰዓቱ ብቻ አይደለም። ቤከኑ ጥቁር ቀይ ይሆናል፤ የስቡ ጠርዝ ነጭነቱን ትቶ ብርሃን ያስተላልፋል፤ አረፋው ትንሽ ይሆናል፤ በመቆንጠጫ ሲነኩት ይጠነክራል። ከወጣ በኋላ 3 ደቂቃ ይረፍ፤ ትኩስ ተምር ውስጡ እንደ ቀለጠ ስኳር ያቃጥላል፣ ልጆች አፍ ውስጥ በቀጥታ እንዳይከቱት።

የመጀመሪያው ዙር መቼ ይግባ? በጥሪው ላይ በተጻፈው ሰዓት አይደለም። የእኛ ሰው በጥሪው ሰዓት አይሞላም። 20 ያህል እንግዳ ገብቶ መጠጥ ሲይዝ ያስገቡ፤ ኦቨኑ ግን ቀደም ብሎ ይጋል። የመጀመሪያው ዙር ወጥቶ በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ሁለተኛው በዚያን ጊዜ እየበሰለ ነው። በየዙሩ መካከል ፎይሉን ከነስቡ ይለውጡ። የድሮው ስብ ለሁለተኛ ጊዜ ሲግል ያጨሳል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው የሚጮኸውም ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዙር ነው። ስቡን በቆርቆሮ ጣሳ ሰብስበው ሲረጋ ይጣሉ፤ ቧንቧ ውስጥ ካፈሰሱት እዚያ ይረጋል፣ ሰኞ ዕለት ቧንቧ ሠሪ ይጠራሉ።

እንግዳ ከዘገየ የወጣውን በ200 ፋራናይት (93 ሴልሺየስ) ኦቨን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይቻላል፤ ፎይል ግን አይክደኑበት። የቡፌ ማሞቂያም ክዳኑ ተዘግቶ ከሆነ ያው ነው፤ እንፋሎቱ የደከሙበትን ሁሉ ያለሰልሰዋል። ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይጣል። ግቢ ውስጥ ከሆነና ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት (32 ሴልሺየስ) ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የሜሪላንድ ጁን እዚያ ይደርሳል። ግሪል ላይ ላድርገው ቢሉ ግን እሺ አንልም፤ የሚንጠባጠበው ስብ ነበልባል ያስነሳል፣ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

እንግዶችዎን በተመለከተ። ሥጋውን ማን እንደባረከው የሚጠይቁ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን ይኖራሉ፤ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጠረጴዛው ላይ በጽሑፍ ይጠብቃቸው። የገዙት ሐላል ከሆነ “የበሬ ቤከን፣ ሐላል፣ አሳማ የለበትም፣ አልሞንድ አለበት” ብለው በአማርኛና በእንግሊዝኛ በካርድ ይጻፉ። የክርስቲያን ሥጋ ብቻ የሚበሉ ዘመዶች ካሉ ለእነሱ የሚሆነውን በሌላ ትሪ፣ በሌላ መቆንጠጫ ያውጡ። ለአልሞንድ አለርጂ ያለበት ልጅ ስለማይጠፋ ከመጨረሻው ዙር 20 ያህሉን ያለ አልሞንድ ይጠቅልሉ፤ እነዚያን በሁለት ስቴኪኒ ይውጉ፣ ከሩቅ ይለያሉ። የትንንሾቹን ልጆች ድርሻ ስቴኪኒውን ነቅለው ይስጡ፤ ከተጋገረ በኋላ አይፈታም። ለተነቀለው ስቴኪኒ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ስኒ ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ሶፋው ውስጥ ያገኙታል።

ጾሙንም አስቡበት። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ገብቶ ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ጁን አጋማሽ ብዙ ጊዜ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። ለጾመኞቹ ይህንኑ ተምር በዝኩኒ ይጠቅልሉላቸው። ዝኩኒውን በቁመቱ 3 ሚሊሜትር አድርገው ይሸንሽኑት፤ ጨው ነስንሰው 15 ደቂቃ ያቆዩትና ውኃውን በወረቀት ያድርቁት፤ ጠቅልለው ዘይት ቀብተው በ400 ፋራናይት ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይጋግሩ። ከቤከኑ በፊት ይግባ፤ በቤከን ስብ በተንጠባጠበ ፍርግርግ ላይ እንዳይወጣ። የምስር ሳምቡሳ ካሰናዱ ግን ይህን መተው ይችላሉ።

ከሁሉ በፊት በዚህ ሳምንት አንድ ማታ 6 ተምርና 4 ቃሪያ በራስዎ ኦቨን ሠርተው ይሞክሩ። የኦቨን ቁጥርና የእውነቱ ሙቀት በ25 ፋራናይት ሊለያይ ይችላል፤ በርካሽ የሚሸጥ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝተው ውስጡ ይስቀሉ። በ20ኛው ደቂቃ አንዱን አውጥተው ለሁለት ይክፈሉት። ከተደራረበው ሥር ያለው ነጭ ሆኖ ከቀረ 4 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ተምሩ ከፈሰሰ ኦቨኑ በዝቷልና 25 ፋራናይት ይቀንሱ። ያገኙትን ደቂቃ በወረቀት ጽፈው ኦቨኑ በር አጠገብ ይለጥፉት፤ ቅዳሜ ዕለት እርስዎ እንግዳ እየተቀበሉ ሳለ ትሪውን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነውና።